የዘለልኋቸው አምስት መስመሮች

ሱቄ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ ጠርዙ የተላጠ ነጭ ሳፋ አለ። ጎኑ ላይ ሁለት ቀይ አበባ የተሳለበት የድሮ የብረት ሳፋ ነው። እኔ የምሸጠው ፕላስቲክ ነው፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የሕፃን መታጠቢያ፣ በሜትር የሚቆረጥ ሸራ። ሰው ግን ያን ሁሉ ትቶ ሳፋውን ይጠይቀኛል። «አይሸጥም» ስለው ዋጋ ለማስወደድ የማደርገው ይመስለዋል። እውነትም ሌላ ጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ። አንድ የመራዊ ሰውዬ ሦስት ገበያ ተመላልሶ ጠይቆኝ፣ በመጨረሻ ተናዶ «ምን፣ ታቦት ነው እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። ታቦት አይደለም። ከእናቴ ቤት የመጣ እግር መታጠቢያ ነው። ልጅ እያለሁ ደጃችን ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቀምጦ ሰፈር ሙሉ እግሩን ታጥቦበታል፤ ያ ሁሉ ሰው እግሩን የታጠበው እኔ ስለዋሸሁ ነው።

ቤታችን ከጣና ዳር፣ ደንገሉ ከሚያበቃበት ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ጧት በር ሲከፈት ከሰው በፊት ሽታ ይገባል፤ የረጠበ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ በረት፣ በወይራ ጢስ የታጠነ የወተት ቅል። አባቴን አላውቀውም፤ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እማየ ሁለታችንን ያሳደገችን ወለላ በምትባል ቀይ ላም ነው። ወተቷን ለሰፈሩም፣ ከተማው ውስጥ ለሚያስተምሩት ሩስያውያንም ትሸጥ ነበር። ወንድሜ ደሳለኝ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርቱ ላይ እሳት ነበርና መንግሥት የውኃ ምሕንድስና እንዲማር ኪየቭ ላከው። ሰፈሩ «የጥሩነሽ ልጅ ሩስያ ሄደ» እያለ እማየን ቀድሞ ሰላም ማለት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ቀድማ ሰላም የምትለው እሷ ነበረች።

ሲሄድ አንድ ነገር ቃል አስገባችው። ሁዳዴን እንዲጾም፣ ፋሲካንም እንደ ቤቱ ወግ እንዲፈስክ። የቤታችን ወግ ደግሞ ይህ ነው፤ ፍስክ የሚጀመረው በወተት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን የለመደ ሆድ በዶሮ እንዳይደነግጥ ትላለች እማየ። ለእኔ አንድ ብርጭቆ፣ ለደሳለኝ ሁለት። ሁለት የሆነለት ለምን እንደሆነ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «ረጅም ነዋ» የሚል ነበር።

የዚያ ዓመት ወሬ የደረሰን በሕማማት ነው። ያመጣው ጋሼ ሰይድ ነበር፤ ግድግዳ የምንጋራው፣ መረብ እየሠራ የሚሸጥ ጎረቤታችን። ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ሲሆን፣ የውጭ ጣቢያ ሲሰማ ሬዲዮኑን እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አስተኝቶ በጋቢ ይሸፍነዋል። ያን ዕለት ቆቡን በእጁ እያሻሸ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ።

«ጥሩነሽ፣ የደሳለኝ ከተማ ስሟ ማን ነበር?»

«ኪየቭ። ምነው?»

«እሷስ ምንም አልሆነች» አለ ቶሎ ብሎ፤ አባባሉ የበለጠ አስደነገጠን። «ከእሷ አለፍ ብሎ ቼርኖቤል የሚባል ቦታ፣ የመብራት ማመንጫ ነው የፈነዳው።»

እማየ ትንፋሿን መለሰች። የመብራት ማመንጫ ስትባል የምታውቀው ጢስ ዓባይን ነው። «እንደ ጢስ ዓባዩ ያለ? ታዲያ ውኃው ፈሶ ነዋ የሚያልቅ።»

«የውኃ አይደለም። መርዝ ይረጫል አሉ። አይታይም፣ አይሸትም፣ በነፋስ ይሄዳል።»

«ካልታየና ካልሸተተ በምን አወቁት?»

ጋሼ ሰይድ ቆቡን አጠለቀ። «እሱን አልነገሩንም» አለ።

የአገራችን ሬዲዮ ስለ ስንዴ ምርት ነበር የሚያወራው። ስልክ የለንም፤ ቢኖረንም ማን ጋ እንደሚደወል የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ወተት ይዤ ሩስያዊቷ ማዳም ጋ ስሄድ እማየ አንድ ቃል አስይዛ ላከችኝ። «ኪየቭ?» አልኋት ማዳምን። ቅሉን የያዘው እጇ ቆመ። በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ «ካራሾ፣ ካራሾ» አለችኝ፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። እኔም ቤት ስመለስ ቃሉን ብቻ አደረስሁ፤ ዓይኗን አላወራሁም። ለካ መደበቅ የጀመርሁት ያኔ ነው።

ፋሲካ ሆነ። እማየ አራት ብርጭቆ ቀዳች። አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለቱን ደግሞ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «የእሱን አንቺ ጠጪለት» አለችኝ። ጠጣሁለት። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ዶሮውን መብላት አቅቶኝ ዋልሁ። እሷም የራሷን ጠጣች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እናቴን ወተት ስትጠጣ ለማየት ሠላሳ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደብዳቤው የመጣው በግንቦት መጨረሻ፣ ጋሼ ሰይድ ረመዳኑን ሊጨርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የደሳለኝ ደብዳቤዎች በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሣጥን በኩል ይመጡ ነበርና ጸሐፊዋ ከክፍል አስጠርታ ሰጠችኝ። እስክሪብቶና ደብተሬን እዚያው ትቼ ሮጥሁ። እማየ ከበረት ወጥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። «አንብቢ» አለችኝ። ፊደል አትቆጥርም፤ ሲነበብላት ግን ጆሮዋን አታቀናም፣ ወረቀቱን ነው የምታየው። ዓይኔ የት እንደደረሰ ትከተላለች። እህል ሲሰፈርላትም እንደዚያው ናት፤ ቁናውን እንጂ የሰፋሪውን አፍ አታይም።

መጀመሪያው ሰላምታ ነው። ቀጥሎ እሱ ደህና መሆኑን፣ የሆነውን ሰምተን እንደሆነ እንዳንሰጋ ይላል። መስኮት ዝጉ መባላቸውን፣ መንገዱ በቀን ሦስት ጊዜ በውኃ እንደሚታጠብ፣ ደጃፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደተነጠፈ፣ ወለል በየቀኑ እንደሚወለወል፣ ከደጅ ሲገቡ ጸጉራቸውን እንደሚታጠቡ ጽፏል። እማየ በየመሐሉ «እሰይ! ንጹሕ አገር» ትላለች። የገጹ ግርጌ ስደርስ እንዲህ የሚል አየሁ፤

«ይህችን ለእማየ አታንብቢላት። ሁዳዴን እንደ ቃሌ ጾምሁት። የፋሲካ ዕለት ገበያ ወጥቼ አንዲት የገጠር አሮጊት ወተት ስትሸጥ አገኘሁና እንደ ቤታችን ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከገጠር የመጣ ወተት እንዳትጠጡ ተባልን። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬን ያንቀኛል፤ ምናልባት ፍርሃቱ ይሆናል።»

አምስት መስመር ነው። ቆምሁ።

«ምን ይላል?» አለች እማየ።

ልዝለለው ብል አምስት መስመር እንደ ጉድጓድ ተከፍቶ ይታያል፤ ጣቷን አንስታ «እዚህ ጋስ?» ማለቷ አይቀርም። ላንብበው ብል ደግሞ፣ ወተቱን እንዲጠጣ ያስማለችው እሷ ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ይህን ሁሉ በቃል ልናገረው አልችልም ነበር እንጂ ገብቶኛል። ስለዚህ ዛሬም ሱቄ ውስጥ የማደርገውን አደረግሁ፤ ከላይ ያለውን ዕቃ አንስቼ ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋሁት።

«እናንተም ተጠንቀቁ ይላል» አልሁ። «መስኮት ዝጉ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ደጃፍ ላይ ውኃ አስቀምጣችሁ ስትገቡ እግራችሁን ታጠቡ። ዝናብ እንዳይመታችሁ።» እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ዓይኔ ግን ወተት የሚለው ቃል ላይ ተተክሎ ቀረና አፌ ተከተለው። «ወተትም አትጠጡ ይላል።»

«እዚህ ድረስ? ባሕር ዳር ድረስ ይመጣል?»

«በነፋስ ነዋ የሚሄድ።»

እማየ ወደ ሐይቁ ዞረች። «ከየት በኩል ይመጣል ይላል?»

በካርታ ትምህርት የያዝሁትን አስታወስሁና ወደ ሰሜን አመለከትሁ። «ከጎንደር በኩል።»

«ድሮስ!» አለች እማየ፤ ተነሥታም ሳፋውን ፍለጋ ገባች።

ቤታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ የኪየቭ ቅርንጫፍ ሆነ። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፈነ፤ ቀን በጨለማ መኖር ጀመርን። ወለላችን በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ በየጧቱ ሲወለወል የሚሆነውን መገመት ነው። ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ይላላጣል፤ ከላይ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እማየ ራሷ ወድቃ ክርኗ አብጦ «ደስዬ ይሄን ነገር ሲሚንቶ ላይ ነው ያሰበው» አለች፣ ግን አልተወችም። የክረምቱ መባቻ ዝናብ ሲጥል የሰፈር ልጆች ራቁታቸውን ሐይቁ ዳር እየጮሁ ሲታጠቡ እኔ በከረጢቱ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። «ዝናብ አዋጅ የወጣባት!» እያሉ ይሰድቡኛል። አዋጁን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ባያውቁ ነው።

ከሁሉ የባሰው ወተቱ ነበር። ልጇ መርዝ ነው ያለውን ለሰው ልጅ አትሸጥም። ለደንበኞቿ «ወለላ ነጥፋለች» ብላ፣ ወተቱን ለጥጃው ተወችው። በዚያ ሰሞን ጥጃው እንደ ባለሥልጣን ልጅ ወፍሮ ሲዘል እኛ በደረቅ ቆሎና በጋሼ ሰይድ ዓሣ ነበርን። እኔ ጥፋቴን ማፍረስ እፈልጋለሁ። እንዴት ላፍርሰው? ውሸት ነው ካልሁ፣ ታዲያ አምስቱ መስመር ምን ነበር ልባል ነው። ደብዳቤውን እማየ በመሐረብ ጠቅልላ ከጡቷ ሥር ይዛው ትዞራለች፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ደጃችን በደረሰ ቁጥር ወደ በረቱ እሮጣለሁ። ለደሳለኝ እንዳልጽፍለት መልሱ የሚመጣው ክረምቱ ሲያልቅ ነው።

የወተቱ መቅረት ማዳምን በእግሯ አመጣት። ነጥፋለች የተባለችውን ወለላን፣ አፉ በአረፋ የተሞላውን ጥጃ፣ ከዚያ እማየን አየች። እማየ መዋሸት ጨነቃትና በእጇ ልታስረዳ ሞከረች። «ኪየቭ» አለች፤ የወለላን ጡት አሳየች፤ ጣቷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። ማዳም እጇን አፏ ላይ ጫነች። በራሷ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ ከመሐሉ «ማማ» የምትለዋን ቃል ብቻ ያዝሁ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ በረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ማዳም ጫማዋን አውልቃ፣ ሳይነግሯት፣ ሳፋው ውስጥ እግሯን ታጠበች። ወደ ቤት ሳትገባ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ።

«ጓድ ጥሩነሽ፣ የወዳጅ አገር ስም የሚያጠፋ ወሬ ከዚህ ቤት ይወጣል ተብሏል።»

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ውኃ ብቻ ነው። ይታጠቡና ይግቡ» አለችው እማየ ሳፋውን እያስጠጋች።

ሊቀመንበሩ ቦቲውን ተመለከተ። ማውለቅ አልፈለገም፤ ምክንያቱን ሲያወልቅ አየነው፣ የካልሲው ጣቶች ሁሉ ውጭ ነበሩ። «መስኮቱስ ለምን ተዘጋ?» አለ እግሩን እየነከረ።

«ለትንኙ ነዋ! ሐይቅ ዳር አይደል የምንኖረው? ልጄ በወባ እንድታልቅ ነው?»

«ወለሉስ?»

«ለንጽሕና።»

ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አየ። መቼም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርት የሚያስፈልገው ሰው ነበር። በእሑዱ ስብሰባ እማየን አስነሥቶ በጤና አጠባበቅ አርአያ የሆነች እናት ብሎ አስጨበጨበላት። በሳምንቱ የሰፈራችን እኩሌታ ደጁ ላይ ሳፋ አስቀመጠ። እማየ ሲጨበጨብላት አንገቷን እንደ ደፋች፣ መሐረቡን ከላይ በመዳፏ ይዛ ነበር።

እግራቸውን ሳይታጠቡ የቀሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ አባ ይትባረክ፣ የእማየ የንስሐ አባት። ከሐይቁ ወዲያ ካለ ደብር በታንኳ እየተሻገሩ ይመጣሉ። በሃምሳው ቀን፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። የእናቴ ወተት መተው ጆሯቸው ደርሷል። ደጃፉ ላይ እማየ ሳፋውን ስታቀርብላቸው ቆም ብለው «ጸሎተ ሐሙስ ያለፈ መስሎኝ ነበር፣ ወለተ ማርያም» አሏት በክርስትና ስሟ። አጥባ አድርቃ አስገባቻቸው።

«በበዓለ ሃምሳ መጾም ትንሣኤውን አለማመን ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«ጾም አይደለም አባ። ጥንቃቄ ነው።»

«ከወተት የሚከለክል ጥንቃቄ ምን ዓይነት ነው?»

«ልጄ ነው ያዘዘኝ፤ በደብዳቤ። ይኸው እርስዎ ያንብቡት» ብላ መሐረቡን ፈታችው።

ከጥጉ ቆሜ ነበር። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። አባ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጣታቸውን መስመሩ ሥር እያስኬዱ ያነቡ ጀመር። ሰላምታውን አነበቡ። የታጠበውን መንገድ አነበቡ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ የማደርገው ስላልነበረኝ እጆቼን እንደ ለማኝ አጣመርሁ። አባ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም ነበር፤ እንዲያውም እውነት ስለማይሰውሩ ሠርግ ላይ አይጠሯቸውም ነበር።

«እናንተም ተጠንቀቁ ይላል» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «መስኮት... እ... ዝጉ። እግር ታጠቡ። ወተትም አትጠጡ ይላል።»

አባ የሰሙት ከሰፈሩ ነው እንጂ ከእኔ አልነበረም፤ ሆኖም ቃል በቃል የእኔ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። «እንግዲህ ጥንቃቄ ከሆነ እኔም አያገባኝ» አሉ። ሲወጡ ራሴን በመስቀላቸው ነክተው ጆሮዬ አጠገብ «ለአንቺም ለእኔም እጸልያለሁ» አሉኝ። ታንኳዋ ከደንገሉ እስክትሰወር ድረስ ዳር ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ጰራቅሊጦስ አለፈና ጾመ ሐዋርያት ገባ፤ ወተት ለሁሉም ሰው ተከለከለና የእኛ ቤት እንግዳነቱ ቀረ። ሳፋው ከደጅ ተነሣ፤ ከረጢቱ ግን በክረምቱ ነፋስ እስኪቀደድ ቆየ። ከደሳለኝ ሁለተኛ ደብዳቤ የመጣው በመስከረም ነው። ደህና ነኝ ይላል። እማየ መሸጡን ጀመረች፤ መጠጣቱን ግን አልጀመረችም። ስንጠይቃት «ጠረኑ አይስማማኝም» ትላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ጠረን ለብሳ የኖረች ሴት።

ደሳለኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ ውኃ ሥራ ገባ፣ አገባ፣ ወለደ። በተመለሰበት ፋሲካ እማየ ሁለት ብርጭቆ ቀዳችለት። ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጠጣው። ስለዚያ ነገር ከዚያ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ፀጉሩ ሸበት ሲል አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። አዲስ አበባ ወስጄ አሳከምሁት፤ ከእብጠቱ ተቆርጦ ሲታይ ክፉው ዓይነት ሆነ። ሐኪሙን ለብቻው ይዤ የኪየቭን ነገር ነገርሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። «ከጎጃም እንቅርት ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ኪየቭ አልሄደም።» በንግድ ዘመኔ ብዙ ሰው አታሎኛል፤ እንደዚያ ሐኪም ግን እውነቱን ነግሮኝ ባዶ እጄን የመለሰኝ የለም። ደሳለኝን የቀበርነው ኮሮና ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

ኮሮናው ሲገባ ሰው ሁሉ ቧንቧ ያለው ባልዲ ፍለጋ ሱቄ ላይ ተረባረበ። አንዱን አስቀርቼ ለእማየ ወሰድሁላት። ደጃፏ ስደርስ ሳፋው ከአልጋዋ ሥር ወጥቶ፣ ውኃ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ባልዲዬን በንቀት አየችው። «ይሄ እያለ!» አለች። ሕማማት ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተከልክላ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሬን ታጠብሁ። ስገባ ያንን መሐረብ ሰጠችኝ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሳስቷል።

«አሁን አንብቢልኝ» አለችኝ። «የዘለልሽውን።»

አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እንደ አሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ወረቀቱን በእጄ ገለባበጥሁ። «ምን ዘለልሁ?»

«አባ ሲያነቡ ጣታቸው ቆሞ ነበር። አፋቸው ብቻ ነው የሄደ።»

«ያኔ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ምን ላደርግ? ኪየቭ በእግር አይኬድ። እግር ማጠብ እችል ነበር፤ አጠብሁ። ወተት መተው እችል ነበር፤ ተውሁ። አባም ሞቱ። ልጄም ሞተ። ከእንግዲህ ለማን ብለሽ ነው የምትደብቂው?»

መነጽሬን አደረግሁና ጣቴን መስመሩ ሥር አደረግሁ። ይህችን ለእማየ አታንብቢላት የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ጣትሽ ይሂድ» አለችኝ።

አነበብሁላት። ጾሙን፣ አሮጊቷን፣ ሦስተኛውን ቀን፣ ጉሮሮውን። ስጨርስ ከደጅ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ባጃጅ እንኳ አያልፍም ነበር።

«ሁለት ይላል?» አለችኝ።

«ሁለት ይላል እማየ።»

«አዎ» አለች። «ሁለት ነው የሚጠጣ።»

ደንገሉ ከነበረበት ላይ ዛሬ ሎጅ ቆሞበታል። በረት የለ፣ ጥጃ የለ። የእኔ ልጅ አዲስ አበባ ሆና ሳል ሲይዛት በስልክ መልኳን እያየሁ፣ ሳሏን እየቆጠርሁ አድራለሁ፤ እናቴ ደግሞ አራት ወር በአንድ ወረቀት ኖራለች። የእኔን ማየት ከእሷ አለማየት ጋር ሳስተያየው፣ ሁለታችንም ያለን እግር ማጠብ ብቻ ነው።

የፋሲካ ዕለት ጧት ሱቅ ወርጄ በፕላስቲክ የታሸገ ወተት ገዛሁ። እማየ ጥጉን ቀድጄ ስቀዳ አሸተተችው። «ይሄ ወተት ነው?» አለች። «ነው ይላሉ» አልኋት። ሁለት ብርጭቆ አስቀዳችኝ። የመጀመሪያውን ዓይኗን ጨፍና እስከ ጭላጩ ጠጣች። ሁለተኛውን አጋመሰችና ወደ እኔ ገፋችው።

«የቀረውን አንቺ ጠጪለት» አለችኝ።